መውጫ የሌለው መስኖ፦ ጨው፣ ሥርና የአዋሽ ሸለቆ

ከኤመሪቪል ዳርቻ ሆኖ የሳን ፍራንሲስኮን ወሽመጥ የሚመለከት ሰው፣ ወደዚህ ውኃ እንዲወርድ ታስቦ መንገድ ላይ የቀረ ቦይ መኖሩን አይገምትም። ሳን ሉዊስ ድሬን የተሰኘው ይህ ቦይ የሳን ዋኪን ሸለቆ ምዕራባዊ እርሻዎችን ጨዋማ ትራፊ ውኃ ወደ ዴልታው እንዲያደርስ ነበር የታቀደው። ግንባታው በ1975 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ፤ ውኃው በኬስተርሰን ማጠራቀሚያ ተከማቸ፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ሴሊኒየም የመረዛቸው፣ አካላቸው የተዛባ የወፍ ጫጩቶች እዚያ ተገኙ።

ታሪኩ መካከለኛውን አዋሽ ያስታውሰኛል። በአሚባራ፣ በመልካ ሰዲና በመልካ ወረር ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች በመስኖ ለሙ፤ በቂ ማጠንፈፊያ ባልነበረበት የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ቀረበ፤ ፀሐይ ውኃውን ስታተን ጨውን በሥሩ አካባቢ ተወችው። ለምቶ የነበረ መሬትም ተጥሎ ቀረ። በመተሐራ ደግሞ ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከነበረው ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ40 በላይ ደርሷል።

ጨው ሰብልን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የአፈሩ ውኃ ጨው ሲበዛበት ሥሩ ሊስበው ይቸገራል፤ ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠማል። ሁለተኛው ጉዳት ለዓይን የተሰወረ ነው። ሶዲየም በሥሩ መግቢያ ላይ ከፖታሺየም ጋር ይሻማል፤ የሥሩን ሽፋን የሚያጸናውንም ካልሲየም ይገፋል። ክሎራይድ የናይትሬትን ቦታ ይይዛል። ሶዲየም በበዛበት አፈር ደግሞ ሸክላው ተበትኖ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ሥሩ አየር ያጣል፤ አልካላይነቱም ፎስፈረስን፣ ብረትንና ዚንክን ተክሉ እንዳያገኛቸው ያስራል።

ስለዚህ በጨዋማ ማሳ ላይ ዩሪያ መጨመር ብዙ ጊዜ ገንዘብ መበተን ነው። (ማዳበሪያውን የምንገዛው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ አይዘንጋ።) ምርቱ ሲያንስ ግን ወቀሳው ገበሬው ላይ ይወድቃል።

የሰብል ምርጫ ፋታ ይሰጣል። ገብስና ጥጥ ምርታቸው ሳይቀንስ እስከ 8 ዴሲሲመንስ በሜትር ገደማ ይችላሉ፤ ስንዴ እስከ 6፤ በቆሎ 2 ሳይሞላ፣ ሽንኩርት ደግሞ ከ1 ጥቂት አለፍ ሲል መጎዳት ይጀምራሉ። የቆላ መስኖ ስንዴ በአፋር መስፋፋቱን የምደግፈው በዚህም ምክንያት ነው። ነገር ግን ስንዴ ጨውን ይታገሣል እንጂ ከመሬቱ አያወጣም። ጨውን ከሥሩ በታች አጥቦ ለማውረድ ትርፍ ውኃና የማጠንፈፊያ ቦይ ያስፈልጋል፤ ሶዲየም የበዛበት ከሆነ ጂፕሰምም ይጨመራል። ያለ ቦይ ማጠብ የከርሰ ምድሩን ውኃ ይበልጥ ከፍ ያደርገዋል።

የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ማንኛውም አዲስ የመስኖ ፕሮጀክት የማጠንፈፊያውን ወጪ ከዋናው ቦይ ጋር በአንድ በጀት ይያዝ፤ የአፈሩ ጨዋማነት ከዘር በፊትና ከአጨዳ በኋላ ተለክቶ ውጤቱ ለአርሶ አደሩ ይነገር። ከሁሉ በላይ፣ የሚወጣው ውኃ የት እንደሚደርስ ውል ሳይፈረም በፊት ይታወቅ። ከአሚባራ በታች አዋሽን የሚጠጡት የአፋር አርብቶ አደሮችና ከብቶቻቸው ናቸውና፣ በዚያ ውይይት ላይ መቀመጫ ሊኖራቸው ይገባል።