ለኮምፒዩተር ጳጉሜን ስለ ማስተማር

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ በሚጓዘው ሕዝብ መካከል ላፕቶፕ በጀርባው ያዘለ ወጣት ማየት ዛሬ ብርቅ አይደለም። የቤት ኪራይ ከመኻል ከተማ ይልቅ ስለሚቀልላቸው በነዚህ ከተሞች የሚኖሩ የሶፍትዌር ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም፤ ከእኛ ቀድመው የተመረቁ ወንድሞችና እኅቶችም ይገኙባቸዋል። ሥራቸውን ከሩቅ የሚያይ ሰው «በጥላ ሥር ተቀምጦ ቁልፍ መንካት ነው» ይላል። እኛ ግን ሥራው የጣት ሳይሆን የትዕግሥት ሥራ መሆኑን፣ ትዕግሥት ከሚያስጨርሰውም ነገር እኩሌታው እኛን የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችን የሚመለከት መሆኑን ልናስረዳ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀውን ችግር እንናገር። መብራት ይጠፋል። ላፕቶፑ በባትሪው ጥቂት ሰዓት ቢታገሥም ዋይፋዩ ወዲያው ይሞታል፤ በሞባይል ዳታ ልቀጥል ቢሉ ፓኬጁ ሳይታሰብ ያልቃል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ በተዘጋ ጊዜማ ሥራቸው ለሳምንታት ቆሞ ነበር። ይሁን እንጂ የጠፋ መብራት ይመጣል፤ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው በአንድ ድምፅ ሲጮኹ ከልጆቹ ይልቅ ደስ የሚለው ፕሮግራመሩ ነው። ስለዚህ ችግር የሚጽፍ ሞልቷልና ወደ ሌላው እንለፍ።

ሌላው ችግር መብራት እያለም የማይለቅ ነው። ፕሮግራመሮቻችን የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች በአብዛኛው የተሰናዱት በሌላ አገር፣ በሌላ ሕዝብ ልማድ ነው። ለብዙዎቹ መሣሪያዎች ዓመት ማለት 12 ወር ነው፤ የእኛ ግን 13 ነው። ስለዚህ ጳጉሜን ማደሪያ ታጣለች። በዚያ ላይ ሦስት ዓመት 5 ቀን ሆና በአራተኛው 6 ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ በጳጉሜን 6 የተወለደ ሕፃን አለ፤ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ የሚመልሰው ፎርም ሕፃኑን «አልተወለድክም» እንደ ማለት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጧት በ2 ሰዓት የተባለ ቀጠሮ ፕሮግራሙ በራሱ ልማድ ከተረጐመው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ ባለ ጉዳዩም ደጅ ሲጠና ይውላል።

ወደ ፊደሉ እንምጣ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ቦታ አግኝቷል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፊደልን መያዝና ፊደልን ማወቅ ልዩ ልዩ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ብሎ የመዘገባትን ሴት ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፋት ለሰው አንዲት ሴት ናት፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ናቸው። ከሁለቱ ጸና ከሦስቱ ሀ ብቻ ስድስት ፀሐዮች ይወጣሉ። ስድስተኛዋ ደመወዟን ልትቀበል ስትሄድ «ስምሽ የለም» ትባላለች።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ከተሞቹ የኦሮሚያ ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። የአገሩ ሰው በሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ስሙን በቁቤ ያስጽፋል፤ አዲስ አበባ ሲገባ በግእዝ ፊደል ይጻፍለታል፤ ፓስፖርት ሲያወጣ በእንግሊዝኛ ልማድ ይሆናል። የጫልቱ «ጫ» ድምፅ በቁቤ በአንዲት ፊደል ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛው ልማድ ግን ሁለት ፊደል ይወስዳል። ኮምፒዩተሩ ሦስት ጫልቱዎች ይቈጥርና ለአንዲቱ ጫልቱ አገልግሎት ይነፍጋታል።

ታዲያ ይህ የማን ሥራ ነው? «የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ነው» የሚል መልስ በግቢያችን ሲነገር እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ኮምፒዩተር ባልታሰበበት ዘመን ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍለው በቀሪው ወንጌላዊውን፣ ለ19 አካፍለው በቀሪው ወንበርንና አበቅቴን ሲያወጡ ኖረዋል። 5500 ላይ 2015 ቢደመር 7515 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሦስተኛውም ሉቃስ ነው። ይህ በዛሬው አነጋገር ፕሮግራም ነው። የሠሩትም የቋንቋና የመጽሐፍ ሰዎች ናቸው።

«ዓለም የሚሄድበትን አቈጣጠር ብንከተል ችግሩ ሁሉ በቀረ» የሚሉም አሉ። ዳሩ ግን ሱሉልታ ውስጥ ወተት ሸጣ የምታድር እናት ገንዘቧን በምታውቀው ወርና በምትናገረው ቋንቋ ልታነብ ይገባታል። ጫማ በእግር ልክ ይሰፋል እንጂ እግር ለጫማ ሲባል አይቈረጥም።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በአገራችን ተጀምሯል። መልካም ነው። ኮድ የሚጽፈው ሲበዛ፣ የሚጽፍለትን ሕዝብ ስምና ልማድ የሚያስረዳውም አብሮ መብዛት አለበት። ስለዚህ ማኅበራችን በወር አንድ ቀን የቋንቋ፣ የታሪክና የኮምፒዩተር ተማሪዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲያገናኝ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ይሁን፤ ይኸውም በግእዝ ፊደልና በቁቤ የሚጻፉ ስሞችን ከነልዩ ልዩ አጻጻፋቸው መሰብሰብ ነው። ዝርዝሩም ለፈለገ ፕሮግራመር ሁሉ በነጻ ይሰጥ።

ፕሮግራመር ሦስት ቀን ያስጨነቀችው ስሕተት አንዲት የተዘነጋች ነጥብ ሆና ስትገኝ ብቻውን ይሥቃል፤ በሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግን ምን እንዳሣቀው አይገባውም። እኛ ብንሠራበት ይህች ደስታ የእኛም ትሆናለች። በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ጳጉሜን እንደገና 6 ቀን ትሆናለች። በዚያን ቀን የሚወለደውን ሕፃን «ተወልደሃል» ብሎ የሚቀበለው ፎርም እስከዚያ ድረስ ይሰናዳለት።