ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሰዓት አይደለም

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንግዲህ በሊቦ ከምከም ወረዳ በምትገኘው ይፋግ አንድ ሰው «ከዚህ ወዲያ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ምን ሊሠራልኝ?» ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ ግን ከግድቡ ይልቅ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ዘንድ ነው። ኃይል ቢትረፈረፍም ነፋስ የጣለው ምሰሶ ወይም የተቃጠለ ፊውዝ ቤቱን ያጨልመዋል።

ሊቦ ከምከምና ጎረቤቱ ፎገራ ደግሞ የሩዝ አገር ናቸው። የሩዝ መፈልፈያ ሞተር ሲነሳ፣ ለአፍታም ቢሆን፣ በሥራ ላይ እያለ ከሚወስደው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ከዚያው ትራንስፎርመር የሚጠቀም ቤት አምፖሉ ይደበዝዝበታል፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚበላው የእንጀራ ምጣድ በየቤቱ ሲሰካም 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ይወርዳል።

ስለዚህ የይፋግ ገዢ «ስንት ሰዓት ያቆያል?» ከማለቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ዩፒኤሱ ቮልቴጅ ያስተካክል እንደሆነ ነው። ርካሹ ዓይነት ዩፒኤስ ቮልቴጅ በወረደ ቁጥር ወደ ባትሪው ይሮጣል፤ ባትሪውም መብራት ሳይጠፋ ያልቃል። «ላይን ኢንተራክቲቭ» የሚባለው ግን የወረደውን ከፍ፣ የወጣውን ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ በውስጡ ስላለው ባትሪውን ለጨለማው ያቆየዋል። ዋጋው ጨመር ቢልም ለዚህ አካባቢ ተመራጩ እሱ ነው።

ሰዓቱስ?

ካርቶኑ ላይ 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈው ሊሸከም የሚችለውን ጭነት እንጂ የሚያቆይበትን ጊዜ አይናገርም። ጭነቱም ቢሆን በዋት ሲቆጠር አብዛኛውን ጊዜ ከ400 አይበልጥም። ጊዜውን የሚወስነው ባትሪው ነው። በትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ የተለመደው ባለ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሲሆን ሁለቱ ሲባዙ 84 ዋት ሰዓት ይሆናሉ። 120 ዋት የሚፈጅ ዴስክቶፕና ስክሪን በወረቀት 42 ደቂቃ ያህል ሊሠሩበት ይገባ ነበር። ሆኖም እርሳስና አሲድ ያለበት ባትሪ በፍጥነት ሲመጠጥ ያለውን ሁሉ አይሰጥም፤ በተግባር ሩብ ሰዓት ከተገኘ ጥሩ ነው። ይህ ጽሑፍን ሴቭ አድርጎ ኮምፒውተሩን በወጉ ለመዝጋት ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተር ከተሰካበት ግን ጭነቱ በዝቶ ወዲያው ሊጠፋ ይችላል።

ማታውን ሙሉ መሥራት የሚፈልግ ሰው ትልቅ ዩፒኤስ ከማሳደድ ይልቅ ኮምፒውተሩን ራሱን ቢቀይር ይሻለዋል። ባትሪው ደህና የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ለጽሕፈት ሥራ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ ቮልቴጅ ሲዋዥቅም ሥራው አይቋረጥም። ዴስክቶፑ ግድ ለሆነበት አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ከነኢንቨርተሩ ሰባት ሰዓት ገደማ ያሠራዋል፤ ዋጋው ግን ከኮምፒውተሩ ሊበልጥ ይችላል።

ዩፒኤስ የመረጠ ደግሞ ከሱቅ ሳይወጣ ይፈትነው። ሳይሞላ ለወራት መደርደሪያ ላይ የከረመ የእርሳስ ባትሪ ካርቶኑ ሳይከፈት ይበላሻል። ሻጩ ቀድሞ ቻርጅ ያድርገው፤ ከዚያ 100 ዋት አምፖል ሰክቶ ሶኬቱን ነቅሎ ማየት ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከጠፋ ሌላ ይቀየርለት።