ብራናው የደብሩ፣ ፎቶግራፉስ የማን?



የትንሣኤ በዓል በመጣ ቁጥር ከዚሁ በዓል ጋር ተያይዞ የሚታወስ አንድ የታሪክ ምዕራፍ አለን። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በትንሣኤ ዕለት ለእንግሊዙ የጦር አዛዥ ለሮበርት ናፒየር ከብቶች በስጦታ መላካቸው፣ በማግስቱም መቅደላ ተደፍራ ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ማሳለፋቸው ይታወቃል። ከአምባው ከተወሰደው ሀብት መካከል ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው፣ ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። መጻሕፍቱ ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ብዙ የተባለለት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ግን ከዚያ ጎን የቆመውንና እምብዛም ያልተነገረለትን ጉዳይ ነው። ይኸውም መጽሐፉ ከደብሩ ሳይወጣ ምስሉ ብቻ ሲወጣ ፈቃጁ ማን ነው? የተፈቀደውስ ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ነገሩ ዘወትር የሚጀምረው በቀና መንፈስ ነው። አንድ ተመራማሪ ወይም የፎቶግራፍ ባለሙያ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ወደ ደብሩ ይመጣል። አስተዳዳሪውና ቄሰ ገበዙ ተማክረው ዕቃ ቤቱን ይከፍታሉ። ወንጌሉ፣ ተአምረ ማርያሙ፣ ድጓው ቅጠል በቅጠል እየተገለጠ ይነሣል። እንግዳው አመስግኖ፣ ተሳልሞና ተመርቆ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ያው የወንጌል ሥዕል በቀን መቁጠሪያ፣ በሰላምታ ካርድ፣ ምናልባትም በካናቴራ ላይ ታትሞ ገበያ ላይ ሊውል ይችላል። ያን ጊዜ ሰበካ ጉባኤው «ፈቅደን የሰጠነው ምን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጥ ወረቀት በዕቃ ቤቱ ውስጥ አይገኝም፤ ፈቃዱ በቃል ነበርና።

ብዙ ሰው የቅጂ መብት ሕግ ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ይመስለዋል። ሕጉን ቀረብ ብሎ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ የሚሰጠው የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ አመንጪው በሕይወት ባለበት ዘመንና ካረፈ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት ነው። ለፎቶግራፍ ሥራ ደግሞ ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ብቻ ነው። እንግዲህ ከ500 ዓመት በፊት አንድ ቁም ጸሐፊ በብርዕ የጻፈው ወንጌል በዚህ ስሌት ጥበቃው ካበቃ፣ ይልቁንም ጭራሹን ካልጀመረ፣ ዘመናት አልፈዋል። ዕድሜው የክብሩ ምንጭ የሆነው ይኸው መጽሐፍ በቅጂ መብት ሕግ ዓይን ሲታይ ዕድሜው ነው ያለ ከለላ ያስቀረው። በአንጻሩ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የሚታዩት የእጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች፣ ሠዓሊው ያረፉት በ2004 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የጥበቃ ዘመናቸው እስከ 2054 ዓ.ም. ይዘልቃል። ባለመብቱ ማን እንደሆነ ደግሞ ሥራው በተሠራበት ውል ይታያል። ስለሆነም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መደርደሪያው ላይ ያለው ጥንታዊ መጽሐፍ ነጻ ሆኖ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ግን በሕግ የተከለለ ሊሆን ይችላል። ይህን ለቄሰ ገበዙ ማን ነግሮት ያውቃል? በዚሁ አዋጅ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብትና ቤተ መዘክሮች የሚጠፋን ወይም የሚበላሽን ሥራ ለመጠበቅ ሲሉ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሊቀዱ የሚችሉበት ሁኔታ መኖሩንስ?

ታዲያ ደብሩ ባዶ እጁን ነው ማለት አይደለም። የደብሩ ኃይል ያለው በቅጂ መብቱ ሳይሆን በቁልፉ ላይ ነው። መጽሐፉ በእጁ ነውና በሩን ሲከፍት ቃሉን ሊያስገባ ይችላል፤ ይህም ውል ይባላል። ውሉ የሚያስረው የፈረመውን ሰው ብቻ መሆኑ እሙን ነው። ሥዕሉን ከሦስተኛ እጅ ያገኘ ነጋዴ «እኔ አልፈረምኩም» ሊል ይችላል። ስለዚህም ነው ውሉ ካሜራው ከመግባቱ በፊት መጻፍ ያለበት። ከዚያ ወዲያ ያለው አቤቱታ ነው።

አባቶቻችን ይህን አያውቁትም ነበር ለማለት አይቻልም። የጥንት ብራናዎችን የገለጠ ሰው መጽሐፉን ያጻፈውን ሰውና የተሰጠበትን ቤተ ክርስቲያን ስም የሚናገር ጽሑፍ፣ ከዚያም መጽሐፉን የሚሰርቀውን ወይም ስሙን የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃል ያገኛል። ይህ በራሱ የመብት መግለጫ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ግዝቱ የሚያነጣጥረው በሌባውና በፋቂው ላይ መሆኑ ነው። መጽሐፍን ቀድቶ ለሌላ ደብር ማዳረስ በረከት እንጂ በደል ሆኖ አልተቆጠረም። በእኔ እምነት ዛሬ የምንፈልገው መመሪያ ከዚህ መንፈስ መውጣት የለበትም፤ ስሙ ይጠበቅ፣ መጽሐፉ አይውጣ፣ ንባቡ ግን ይዳረስ።

ለዚህ በአገራችን የታየ አብነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በቤተ ክርስቲያኒቱ፣ በመንግሥትና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር ወደ 9ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቷል። በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የተቀመጠውን ቅጂ በመዘርዘር ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ኋላ በየገዳሙ በጦርነት፣ በእሳትና በስርቆት መጻሕፍት ሲጠፉ ማይክሮፊልሙ ምን ያህል ውለታ እንደዋለ ሊቃውንቱ ይመሰክራሉ። ያ ቤተ መጻሕፍት ምስሉን ለማሳተም የሚሻን ሰው የመጽሐፉን ባለቤት ፈቃድ እንዲጠይቅ ያሳስባል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ጥያቄው ሲመጣ ደብሩ የሚመልሰው በምን መመሪያ ተመርቶ ነው?

መመሪያ በዓለም ላይ ጠፍቶ አይደለም። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባህላዊ ቅርሶችን ለያዙ ቤተ መዘክሮች፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የሚሆን ሰፊ መጽሐፍ አሳትሟል። «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የሚባሉት ዝግጁ የፈቃድ ዓይነቶችም በነጻ ይገኛሉ። ይሁንና እነዚህ አንዴ ከተሰጡ የማይመለሱ መሆናቸውን፣ ደግሞም ፈቃድ የሚሰጠው ባለመብት ብቻ መሆኑን ሳያውቁ ምልክቱን መለጠፍ ጉዳት አለው። ከሁሉ ለእኛ የሚቀርበው «ሎካል ኮንቴክስትስ» የተባለው ሥራ ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከዚህ ሥራ ጋር በመተባበር በድሮ የድምፅ ቅጂዎቻቸውና በሥዕሎቻቸው ላይ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚሰማ፣ የተቀደሰ በመሆኑ ለማን እንደማይገባ የሚያስረዳ ምልክት ያኖራሉ። የሕግ አስገዳጅነት የለውም፤ ነገር ግን ያየው ሰው አላውቅም እንዳይል ያደርገዋል። ከግዝታችን ጋር ያለውን ዝምድና አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሕግ የጥበቃ ዘመኑ ያለፈ የእይታ ጥበብ ሥራ እንዲሁ እንዳለ ቢቀዳ ቅጂው አዲስ መብት አይፈጥርም ብሏል። በእንግሊዝ ደግሞ ሳይታተሙ የቆዩ አሮጌ ጽሑፎች እስከ 2039 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ እንደተጠበቁ የሚቆዩበት እንግዳ ድንጋጌ አለ። አገር ለአገር ይህን ያህል የሚለያይ ነገር ከሆነ የገጠር ደብር አስተዳዳሪ ብቻውን ተወጥቶ ይፈታዋል ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው።

የማይታይ ነገር መኖሩም ሊዘነጋ አይገባም። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ጽላቶች የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ እንዳያዩአቸው ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ካህናት ብቻ ሊያዩት የሚገባውን ነገር ለይቶ መያዝ የሚቻል መሆኑን እዚያ ካመኑ፣ በእኛ ዕቃ ቤት ውስጥ የትኛው ይነሣ፣ የትኛው አይነሣ የሚለውን ካህናቱ አስቀድመው በጽሑፍ ቢወስኑ ማንም አያስደንቅም።

«ጨርሶ አታንሡ፣ ዝጉ» የሚሉ ወገኖች አሉ። ስጋታቸው ቢገባኝም አልስማማም። እሳትና ምስጥ ፈቃድ አይጠይቁም። ሁሉን ለውጭ ቤተ መጻሕፍት አደራ ማለትም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በኮምፒዩተር መረብ ላይ በደረሰ ጥቃት የብሪቲሽ ላይብረሪ የዲጂታል መጻሕፍት ለብዙ ወራት ከዓይን ተሰውረው ነበር፤ የመቅደላዎቹም አብረው። ስለዚህ ቅጂ ሲነሣ አንዱ ለደብሩ፣ አንዱ በአገር ውስጥ ላለ ተቋም መቅረት ይኖርበታል። ያው ላይብረሪ የሚያስተዳድረው ለጥፋት የተጋለጡ ቤተ መዛግብት መርሐ ግብርም ዋናው ሰነድ ከአገሩ እንዳይወጣ፣ ቅጂውም በአገሩ እንዲቀር ደንብ አድርጎታል።

የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ የቅርስ ባለሥልጣን፣ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ እንዲሁም መንበረ ፓትርያርኩ በአንድነት ተቀምጠው ከአራት ገጽ ያልበለጠ የአማርኛ፣ የትግርኛና የአፋን ኦሮሞ መመሪያ ቢያዘጋጁ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። ከመመሪያው ጋር በሁለት ቅጂ የሚፈረም አንድ ቅጽ ይኑር። ቅጹ የአንሺውን ስምና አድራሻ፣ የተነሡትን ቅጠሎች ቁጥር፣ ለጥናት ነው ወይስ ለንግድ የሚለውን፣ በሚታተምበት ሁሉ የደብሩ ስም እንዲጠቀስና ለሦስተኛ ወገን ያለ ፈቃድ እንዳይተላለፍ የሚለውን ይያዝ። አንዱ ቅጂ ከዕቃ ቤቱ መዝገብ ጋር ይቀመጥ፤ አስተዳዳሪ ሲለወጥም ከቁልፉ ጋር በርክክብ ይተላለፍ።