ስሌቱን ማን ነው የሚሠራው?

ወዳጆቼ፣ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አንድ የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ጓደኛዬ እንደነገረኝ መምህራንና ተማሪዎች አንገታቸው ላይ ብሉቱዝ ያለው ባጅ ሊያንጠለጥሉ ነው። ኮርኒሱ ላይ መቀበያ ይሰቀላል፣ ዳይሬክተሩ ቢሮው ቁጭ ብሎ ማን የቱ ክፍል፣ ማን ሻይ ቤት፣ ማን ሽንት ቤት እንዳለ በስክሪን ያያል። ሻጩ ሲያስረዳ «ልክ እንደ ጂፒኤስ ነው፣ ያውም ቤት ውስጥ የሚሠራ» አለ አሉ። አጨበጨቡለት።

እኔ በቴክኖሎጂው ላይ ጥላቻ የለኝም። እንዲያውም ፊዚክሱ በጣም ነው ደስ የሚለው። የምቃወመው «እንደ ጂፒኤስ ነው» የምትለዋን ውሸት ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሲግናላቸው እኛ ጋ ሲደርስ ደክሞ ነው፤ የኮንክሪት ጣሪያ ሲጨመርበት በቃ፣ አይሰማም። ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። በጂፒኤስ ሳተላይቱ ይናገራል፣ ስልካችሁ ይሰማል፣ ስልካችሁ ያሰላል። ሳተላይቱ እናንተ በዚህ ምድር ላይ መኖራችሁንም አያውቅም። (ስልካችሁ ላይ ያለ አፕ ቦታችሁን ለሌላ ካቀበለ ሐሜቱ የአፑ ነው።) ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ባጁ። ብሉቱዝ ድሮ ርቀት የሚገመትበት በሲግናሉ ጥንካሬ ነበር። ደካማ ዘዴ ነው። የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይውጣል። ባጁን ደረቱ ላይ ያደረገ መምህር ወደ ሰሌዳው ዞር ሲል ለመቀበያው «የራቀ» ይመስለዋል። ስለዚህ በፈረንጆቹ ጥር 2019 የወጣው ብሉቱዝ 5.1 ሌላ መላ ጨመረ፤ ጥንካሬን ትቶ አቅጣጫን መለካት።

ሞገድ ስናስተምር «ቲቸር፣ ይሄ የት ይጠቅመናል?» ትሉኝ የነበራችሁ ልጆች፣ ይኸውላችሁ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት አንቴናዎችን በግማሹ፣ ማለትም በ6.25 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ ትከሉ። ሞገዱ ፊት ለፊት ከመጣ ሁለቱ ጋ እኩል ይደርሳል። 30 ዲግሪ አጋድሎ ከመጣ ግን ወደ አንደኛው ለመድረስ 3.1 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ ይጓዛል። የሞገዱ ሩብ ማለት ነው፤ የ90 ዲግሪ የፌዝ ልዩነት። መሣሪያው ያንን ልዩነት ለክቶ ወደ ኋላ ያሰላና «30 ዲግሪ» ይላል። ለዚሁ ሲባል ባጁ ከመልእክቱ መጨረሻ ላይ ከ16 እስከ 160 ማይክሮ ሰከንድ የሚቆይ አንድ ወጥ ሲግናል ይለቃል። ሁለት መቀበያዎች የሰጡት አቅጣጫ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ባጁ አለ። ጆሯችንም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ከኋላ የትኛው ጥግ እንደተወራ የማውቀው ለምን ይመስላችኋል?

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ያው ብሉቱዝ 5.1 ይህን ሥራ በሁለት መንገድ እንዲሠራ አድርጎ ነው የወጣው። አንደኛው የመድረሻ ማዕዘን የሚባለው ነው፤ ባጁ ይናገራል፣ ሕንፃው ባሉት ብዙ አንቴናዎች ይሰማል፣ የሕንፃው ሰርቨር ያሰላል። ሁለተኛው የመነሻ ማዕዘን ነው፤ ብዙ አንቴና ያለው ሕንፃው ይናገራል፣ በእጃችሁ ያለው መሣሪያ ይሰማል፣ ራሱ ያሰላል። ፊዚክሱ አንድ ነው፣ ሒሳቡም አንድ ነው። በመጀመሪያው ሕንፃው እናንተ የት እንዳላችሁ ያውቃል። በሁለተኛው እናንተ የት እንዳላችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ጂፒኤስን የሚመስለው ሁለተኛው ነው እንጂ ለዚያ ትምህርት ቤት የመጣው አይደለም!

ገበያው ለምን ወደ መጀመሪያው አዘነበለ? በእኔ እይታ መልሱ ቀላል ነው፤ ብሩን የሚከፍለው የሕንፃው ባለቤት ነው። ባለቤቱ ደግሞ ማወቅ የሚፈልገው ስለ እኛ ነው።

«ልጅ ቢጠፋስ?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ አልንቀውም። ግን ባጅ የሚያሳየው ባጁን ነው። አቴንዳንስ ሲጠራ በጓደኛው ስም «አቤት» ብሎ የሚያልፍ ልጅ የጓደኛውን ባጅ ኪሱ ለመክተት ስንት ቀን ይፈጅበታል? እኔ ሁለት ቀን እላለሁ። በዚያ ላይ ባጁ መለያውን አየር ላይ እየለቀቀ ነው የሚኖረው። መለያው ካልተቀያየረ ከአጥር ውጪ መቀበያ የያዘ ማንኛውም ሰው ያው ልጅ መውጣት መግባቱን ሊከታተል ይችላል። ልጅ እንዳይጠፋ በር ላይ ልጆቹን በስም የሚያውቅ ጥበቃ ይሻላል። ደመወዙን ጨምሩለት።

መምህሩስ? የ5 ዲግሪ ስህተት በ10 ሜትር ርቀት ላይ 87 ሴንቲ ሜትር ነው። ግድግዳው ጋ የቆመ መምህር ወዲያኛው ክፍል ገብቶ ለመታየት ይህ ይበቃዋል። ደግሞ የኛን ክፍሎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የብረት በር፣ የብረት መስኮት። ብረት ሞገድን እንደ መስታወት ይመልሳል፣ መቀበያው የሞገዱን መንገድ ትቶ የነጸብራቁን አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ መቀበያውም ሰርቨሩም ይጠፋሉ፣ እኛ ግን በጨለማው እያስተማርን እንቀጥላለን። የወሩ ሪፖርት ላይ ምን ተብሎ ሊጻፍ ነው? ሁሉም በትክክል ቢሠራ እንኳ የሚነግራችሁ 9ኛ ቢ ክፍል ውስጥ 40 ደቂቃ መቆሜን ነው። 40 ደቂቃ ተቀምጬ ስልኬን ብነካካ ስክሪኑ ላይ ጎበዝ መምህር ነኝ።

ሰው ያለበት ቦታ የግል መረጃ ነው። የግል ሕይወት መከበር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ አለ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ስለዚህ «ትምህርት ቤቱ የኔ ነው፣ የፈለግኩትን እሰቅላለሁ» የሚል ባለቤት ቀስ ቢል ይሻለዋል። መረጃው ስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል፣ ያልፈለገ መምህር ባጁን ቢተው ምን ይደርስበታል? እነዚህ ሳይመለሱ አንድም ሚስማር ኮርኒስ ላይ መመታት የለበትም።

ያንኑ መቀበያ ሆስፒታል ውስጥ ስቀሉትና እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ። የኦክስጅን ሲሊንደሩ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ፣ አልትራሳውንዱ ላይ ባጅ ለጥፉ። አንድ ነርስ በሌሊት ሦስት ፎቅ ወጥታ ወርዳ ዕቃ ከምትፈልግ ስክሪን ላይ ብታየው ሕይወት ይተርፋል። ዕቃ ሽንት ቤት አይሄድም፣ የማኅበር ስብሰባም የለውም፣ ማንም ቢያየው አያፍርም።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ሰው ላይ የሚያምር ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ አዲስ ሕንፃ ገብቶ ስልኩ በጆሮው «አምስት እርምጃ ወደፊት፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ሬጅስትራር» ቢለው፣ ሕንፃው ማንነቱን ሳያውቅ! ስልኮቻችን ላይ ገና አልተለመደም፣ ይገባኛል። ኤሌክትሪካልና ሶፍትዌር ያጠናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን መሞከሪያ ቦርድ ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የምትጀምሩ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። የላቦራቶሪው ኮሪደር ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ነው፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው።