በሐምሌ የሚጠገን ቤት

ስለ ሸሕዲ የሚወራው ሦስት ነገር ነው፤ ድንበር፣ ሰሊጥ እና ጸጥታ። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ የስደተኛው ጉዳይ ተጨምሯል። ሁሉም ሊወራ የሚገባው ነው። ነገር ግን የከተማዋ ነዋሪ ጥይት ባልተሰማበት፣ የሰሊጥ ዋጋም ደህና በሆነበት ዓመት ሳይቀር የሚጋፈጠው አንድ ጉዳይ አለ። እሱም ከወለሉ ሥር ያለው አፈር ነው። ቤቱን በየዓመቱ የሚሰነጥቀው፣ ግድግዳውን ከታች የሚያረጥበው፣ ለምስጥ መንገድ የሚከፍተው እሱ ነው። ስለዚህ ጉዳይ መግለጫ ሲሰጥ አይሰማም፤ ምናልባት ጥፋቱ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ይሆናል።

ገንዳ ውሃ እየተባለችም የምትጠራው ሸሕዲ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ከእሷ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከዚያም አልፎ ሱዳን ድረስ የተዘረጋው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር አፈር ነው፤ አንዱ ዋልካ፣ ሌላው መረሬ የሚለው፣ የአፈር ባለሙያዎች ደግሞ ቨርቲሶል የሚሉት። ሰሊጡንና ማሽላውን የሚያበቅለው ይኸው አፈር ነውና መሬቱን ማማረር አይቻልም። ለቤት ግን ክፉ ጎረቤት ነው። ውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምት ላይ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከሥሩ እየሸሸ ይተወዋል። ስንጥቁ አንዳንድ ቦታ ከ1 ሜትር በላይ ይጠልቃል።

እኩል ቢገፋና እኩል ቢሸሽ ኖሮ ቤቱ ብዙም ባልተጎዳ። ችግሩ እኩል አለመሆኑ ነው። እጣቢ የሚደፋበት ጥግ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። ለጥላ ተብሎ ኒም የተተከለበት ጥግ ደግሞ፣ ሥሩ የቀረችውን እርጥበት ስለሚመጥጣት፣ ቀድሞ ይደርቃል። አንዱ ማዕዘን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ሲል ከመስኮቱ ጫፍ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ይታያል። ነሐሴ ላይ በትከሻ ካልተገፋ አልዘጋ የሚል በር መጋቢት ላይ በነፋስ ብቻ ሲከፈት ሰው አናጺውን ይረግማል። አናጺው ምን ያድርግ!

የሚገርመው የአካባቢው ሰው እርጥበት ከመሬት እንደሚመጣ ጠንቅቆ ማወቁ ነው። ጎተራ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ይቆማል እንጂ መሬት ላይ አይቀመጥም። ሰሊጥ በጆንያ ሲከማች ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ይነጠፋል፤ መጋዘን ሲገባም እርጥበቱ ይለካል። የእርጥበትን ዋጋ ገበሬውም ነጋዴውም በኩንታል አስልቶ ያውቀዋል። ያው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ግን በቀጥታ ጥቁር አፈር ላይ በተለቀለቀ ወለል፣ ወይም ከሥሩ ላስቲክ ሳይነጠፍ በፈሰሰ ስስ ሲሚንቶ ላይ ይኖራል። ለእህሉ የተደረገው ጥንቃቄ ለልጆቹ አልተደረገም።

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ቤት የገዛ የጎንደር ልጅ ካለ፣ ብዙ የዚያ አገር ቤቶች ወለላቸው ከመሬት ከፍ ብሎ ከሥሩ በደረት ተስበው የሚገቡበት ባዶ ቦታ እንዳላቸው ያውቃል። በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ እዚያ ይገባል። አፈሩ ላይ የተነጠፈው ላስቲክ ተቀዶ እንደሆነ፣ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕና እርጥበት የሚመጥጠው ማሽን ይሠሩ እንደሆነ፣ እንጨቱ ሻግቶ እንደሆነ አይቶ ይወጣል። ማሽኑን ለሸሕዲ መመኘት ቀልድ ይሆናል፤ መብራቱስ ከየት ይመጣል? በዓመት አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ የቤትን ሥር የማየቱ ልማድ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

እርጥበቱና ስንጥቁ ግድግዳ አበላሽተው ቢያበቁ ኖሮ ነገሩ የባለቤቱ የግል ጉዳይ በሆነ ነበር። ግን መተማና ሁመራ ካላዛር ከሚበረታባቸው የአገሪቱ ቆላዎች መካከል ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚህ ምድር ቀኑን ከምትሸሸግባቸው ቦታዎች አንዱ የጥቁር አፈር ስንጥቅ ነው። ካላዛር ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልግም፤ ዝንቧ አብዝታ የምትነክሰው ከቤት ውጭ ስለሆነ የቤት ዙሪያን መድፈን አጎበርን አይተካም፤ እርሻ ላይ የሚያድረውን የቀን ሠራተኛም አያድንም። ቢሆንም በሙቀቱ ምክንያት አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚተኛ ቤተሰብ ከአልጋው ሥር የተከፈተ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ ሊያሳስበው ይገባል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ግቢ ውስጥ የተኛው ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል።

ታዲያ ለምን በየዓመቱ አይጠገንም? ድህነት ነው የሚለው መልስ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ያለው የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው።

የሰሊጥ ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ግድግዳው ደረቅ ነው፤ ስለ ጎርፍ የሚያስብ የለም። ገንዘቡ ለዕዳ፣ ለሠርግ፣ ለአዲስ ቆርቆሮ ይሄዳል። ግንቦት ላይ የቤቱ ነገር ትዝ ሲል ኪሱ ለትራክተር ኪራይና ለዘር ተሟጧል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ይገባል። ሐምሌ ላይ ውሃው ከወለሉ ሥር ሲመነጭ እናት አመድ ትበትናለች፣ አባት ዶማ ይዞ በዝናብ ቦይ ይቆፍራል። የረጠበ ዋልካ ቆፍሮ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ አንድ ጊዜ ቆፍሮ ሁለት ጊዜ ዶማውን መጥረግ ነው።

መንግሥትም ከአባወራው የተሻለ ቀን አልመረጠም። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የከተማ ቦይ መጠረግ ያለበት ግንቦት ከማለቁ በፊት ሲሆን፣ ግንቦት ደግሞ ካዝናው ተሟጦ ሒሳብ ማወራረድ የሚታሰብበት ጊዜ ነው። አዲሱ በጀት ሐምሌ ላይ ሲመጣ ቦዩ ራሱ ውሃ ውስጥ ነው። ጨረታ ወጥቶ ተቋራጭ እስኪመረጥ መስከረም ይጠባል፤ መስከረም ላይ ውሃው ስለጎደለ የቦዩ ነገር አጣዳፊነቱ ያበቃል፣ ገንዘቡም ወደ ሌላ ሥራ ለመዛወር ይመቻል። ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳይሰንፍ፣ ሥራው ሳይሠራ ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል። ይህ የሸሕዲ ብቻ ጣጣ አይደለም፤ የክረምት ዝናብ ያለበት ከተማ ሁሉ በዚህ ሰሌዳ ነው የሚተዳደረው። ልዩነቱ የሸሕዲ አፈር ለመዘግየት ይቅርታ የማያደርግ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የቤትም የከተማም ጥገና ወደ ጥር መምጣት አለበት። ጥር ላይ የሰሊጡ ገንዘብ ገና ሙሉ በሙሉ አልበረረም። ማሽላው ተሰብስቦ የሥራ እጅ ይገኛል። ስንጥቁም መታየት ጀምሯል፤ ስለዚህ የት የት እንደሚከፈት ሳይገመት ይታወቃል። በመሥሪያ ቤቶች በኩል ጥር የግማሽ ዓመት አፈጻጸም የሚገመገምበት ወር ነው። ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር፣ የቦይ ጠረጋ ተብሎ፣ ቢጨመር ለሥራው አምስት ደረቅ ወራት ይቀራሉ።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሮ ማየት ይበቃል። ከመሬት ተነስቶ በግድግዳው ላይ የሚሳብ የጭቃ መስመር የምስጥ መንገድ ነው፤ ፈርሶ ከሥሩ ያለው ቋሚ እንጨት በቢላ ጫፍ ይወጋል፤ ቢላው ዘልቆ ከገባ እንጨቱ ተበልቷል። ብዙ ሰው የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ ውሃ ጉድጓድ አጠገብ ግን ይህን ማድረግ ምስጥ ሸሽቶ መርዝ መጠጣት ነው። የሲሚንቶ ወለል ከሥሩ እርጥበት መሳቡን ለማወቅ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ አንጥፎ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ፣ ሌሊቱን አሳድሮ ማየት ነው። ከሥሩ ጠብታ ከተገኘ ውሃው የመጣው ከታች ነው፤ ቀለም መቀባት አያድነውም።

ከግድግዳው ዙሪያ ያለውን ስንጥቅ ብዙዎች በአሸዋ ይሞሉታል። ይህ ስህተት ነው። ክረምት ላይ አፈሩ ሲያብጥ አሸዋው ቦታ አይለቅለትም፤ ስለዚህ ግፊቱ ወደ መሠረቱ ይዞራል። ያንኑ ጥቁር አፈር በትንሽ ውሃ አርሶ መጠቅጠቅ ይሻላል። ከዚያ በላይ በ1 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የሚያዘነብል ማርሻፔዲ፣ አቅም ከሌለ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ማድረግ ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ በአሸንዳ ተይዞ ከግድግዳው ይራቅ። የልብስ እጣቢ ሁልጊዜ አንድ ጥግ አይደፋ።

መሠረቱ ሲጣል ጥቁር አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ ገረጋንቲ ቢሞላ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር የሚል መሐንዲስ እውነቱን ነው። አዲስ የሚሠራ ሰው ይስማው። ለቆመ ቤት ግን የሚቀረው ውሃውን ማራቅ ብቻ ነው።

ኪራዩ ነው ነገሩን የሚያወሳስበው። ተከራይ የሰው ቤት ለምን ልጠግን ይላል፤ አከራይ ደግሞ የምትኖርበት አንተ ነህ ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ቤቱን ለመኖሪያ በሚበቃ ሁኔታ ጠብቆ ማቆየትን የሚጥለው በአከራይ ላይ ነው፤ ጥቃቅኑ ጥገና የተከራይ ቢሆንም ከእርጅና የመጣው ጉዳት ግን እሱ ላይ አይወድቅም። ለዚህ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ውል ሲታደስ “የጥር ወር ኪራይ ሲሦው ለቤቱ ዙሪያ ጥገና ይውላል” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ከነሐሴ ጭቅጭቅ ያድናል።

የቀረው ከአጥር ውጭ ያለው ነው። አንድ ሰው ግቢውን አስተካክሎ ውሃውን ወደ ጎረቤት ቢለቀው ችግሩ አድራሻ ቀየረ እንጂ አላለቀም። የላይኛው ሰፈር ቦይ ተጠርጎ የታችኛው ተደፍኖ ከቀረ ደግሞ የታችኛው ሰው ከበፊቱ የባሰ ይጥለቀለቃል። ጥር ላይ ቀበሌው ሕዝብ ሲያስወጣ ሥራው የሚጀመረው ውሃው ከከተማ ከሚወጣበት ከመጨረሻው ቱቦ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ሰፈር በሰፈር።