ለታናናሾቻችን የምናዘጋጀው ሥራ



በየኔታ ቤት ዳዊት የሚደግመው ተማሪ ፊደል ለሚቆጥረው ታናሹ እያመለከተ ያሳየዋል። ትምህርቱም ልጁ ሊሸከመው በሚችለው መጠን ይሰጣል እንጂ ሀሁን ሳይለይ ወደ ንባብ አይሻገርም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህ የቆየ ሥርዓት በአዲሱ ጥበብ፥ ማለት በኮምፒዩተር ፕሮግራም ትምህርት እንዲሠራበት አሳብ ለማቅረብ ነው።

በክበባችን የምንማረው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ቋንቋውን የጀመረው ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ የሆላንድ ተወላጅ ሲሆን፥ ለሕዝብ የቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ፓይተን ክፍት ምንጭ ነው፤ ይኸውም የተሠራበት ኮድ ለማንም የተገለጠ ስለ ሆነ የወደደ ያነበዋል፤ ስሕተት ያገኘም እርማት ያቀርባል፤ እርማቱም በነባሮቹ ተመርምሮ ይገባል። ዋጋም አይከፈልበትም። እንግዲህ የእኛ አገር ልጅ ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን ሠሪም እንዳይሆን የሚከለክለው ነገር የለም።

ጉግል የተባለው ኩባንያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሰመር ኦፍ ኮድ» የሚባል ፕሮግራም ያካሂዳል። የክፍት ምንጭ ድርጅቶች ሊሠሩ የሚገባቸውን ሥራዎች ዘርዝረው ያወጣሉ፤ አመልካቹ ምን፥ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ጽፎ ያቀርባል፤ ለተመረጠውም አማካሪ ይመደብለታል። ነገር ግን 18 ዓመት ያልሞላው አይገባበትም። ከ13 እስከ 17 ዓመት ለሆኑት ተማሪዎች የነበረው «ኮድ ኢን» የተባለው ውድድር ደግሞ ከ2010 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ተካሂዶ ቀርቷል። ስለዚህ ለዕድሜያችን የሚመጥነውን ራሳችን ማዘጋጀት አለብን።

ዳሩ ግን ማዘጋጀቱ ቀላል አይደለም። በያዝነው ዓመት መጀመሪያ እኔና ጓደኞቼ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች «የትምህርት ቤቱን የውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሥሩ» ብለን ሰጠናቸው። ሥራው ትልቅ፥ ቀኑ ያልተወሰነ፥ የሚጠየቀውም ሰው ያልታወቀ ነበር። እኔን ሲጠይቁኝ ወደ ሌላው እመራቸው ነበር፤ ሌላውም ወደ እኔ ይመልሳቸው ነበር። አሥራ አራት ሆነው ጀምረው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሦስት ብቻ ቀሩ። አንዲት ልጅ ስትሰናበተን «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርሁም» አለችኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሰነፏ እርሷ አልነበረችም፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ስለዚህ ለጀማሪ የሚቀርብ ሥራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል እላለሁ። አንደኛ፥ መጨረሻው የሚታይ ይሁን። ሁለተኛ፥ ውጤቱን የሚፈልግ ሰው ይኑር። ሦስተኛ፥ ጥያቄ የሚመልሰው አማካሪ ስሙና የቀጠሮ ሰዓቱ ከሥራው ጋር ይጻፍ።

ሁለት ምሳሌ ላቅርብ። ፓይተን ስለ ግዕዙ ፩ «አኃዝ ነውን?» ተብሎ ሲጠየቅ አዎን ይላል፤ «እንግዲያው ወደ ተራ ቁጥር ለውጠው» ሲባል ግን ስሕተት ነው ብሎ ይቆማል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የሌለውና እንደ ተራው ቁጥር በቦታ የማይቆጠር ነውና። ፳፻፲ን 2010 ብሎ የሚያነብ አጭር ፕሮግራም መጻፍ ግን ለጀማሪ የሚቻል ነው። ፳ በ፻ ተባዝቶ ፲ እንደሚደመርበት አያቱን ጠይቆ ሊረዳ ይችላል።

ሁለተኛው የቤተ መጻሕፍታችን ዝርዝር ነው። አንዱ መዝጋቢ «ሠናይት»፥ ሌላው «ሰናይት» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን እንደ ተለያዩ ስሞች ስለሚቆጥር፥ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ ፈላጊው «የለም» ተብሎ ይመለሳል። የተጻፈውን ሳይለውጥ፥ ለፍለጋ ብቻ ሠን ከሰ፥ ፀን ከጸ፥ ዐን ከአ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ኮድ በጥቂት ቅዳሜዎች ሊፈጸም ይችላል።

እነዚህ ትንንሽ ናቸው የሚል አይጠፋም። ትንሹን ፈጽሞ ያየ ልጅ ግን ትልቁን ለመጀመር አይፈራም፤ በትልቁ የተሸነፈ ግን ወደ ትንሹም አይመለስም። ለፈተና ስለምንዘጋጅ ጊዜ የለንም የሚሉም አሉ። እኔም በመጪው ዓመት ተፈታኝ ነኝ፤ የምለምነው ግን በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ለሌላው ያስረዱትን ነገር ደግሞ ራስም አይረሳውም።

መምህራኖቻችን ሆይ፥ ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ የኮምፒዩተሩ ክፍል ቅዳሜ ጧት እንዲከፈትልን በትሕትና እንለምናለን። ወላጆቻችንም፥ ልጃችሁ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ስታዩት ጨዋታ ነው ብላችሁ ከማስነሣታችሁ በፊት ምን እንደሚሠራ ጠይቁት። ጓደኞቼ ሆይ፥ እያንዳንዳችን አንድ ሥራ ከስማችንና ከቀጠሯችን ጋር ጽፈን በክበቡ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ። የመጀመሪያው ወረቀት የእኔ ይሆናል። ያችንም ልጅ እንድትመለስ ለምኛታለሁ፤ የግዕዙን ቁጥር ሥራ ለእርሷ አቆይቼዋለሁ።

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ