የኦፓል ዋጋ በወር አይለካም
በጌጣጌጥ መደብሮች ለየልደት ወሩ አንድ የከበረ ድንጋይ ተመድቦ እናያለን፤ ለጃንዋሪ ጋርኔት፣ ለሜይ ኤመራልድ፣ ለኦክቶበር ኦፓል። ብዙዎች ዝርዝሩን እንደ ጥንታዊ ምስጢር ይቀበሉታል። ድንጋይን ከወር ጋር ማዛመድ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ የዛሬው ዝርዝር መሠረት እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ያወጣው ነው።

ኦፓልን ድንቅ የሚያደርገው ወሩ ሳይሆን ተፈጥሮው ነው። በውስጡ በሥርዓት የተደረደሩ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች ብርሃንን እየበተኑ ቀስተ ደመና የመሰለ ኅብረ ቀለም ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ፣ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ደግሞ ውሃ ይመጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ከሽቶና ከዘይት ሊጠበቅ ይገባዋል።

ይህን ድንጋይ የደላንታ ቆፋሪዎች ናዳ እያሰጋቸው፣ በገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ እየፈለፈሉ በእጅ መሣሪያ ያወጡታል። ይሁንና ብዙው ሳይቆረጥና ሳይለሰልስ ወደ ህንድና ወደ ሌሎች አገሮች ስለሚሄድ፣ የእጅ ጥበቡ ዋጋ የሚቀረው በሌላ አገር ነው።

በባሕር ማዶ ኦፓል የምትገዙ ወገኖች፣ ሻጩን ስለ ወሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ድንጋዩ ከየት እንደወጣና የት እንደተቆረጠ ጠይቁት። በአገር ቤት የተቆረጠውን የሚፈልግ ገዢ ሲበዛ፣ ሥራውም ወደ አገር ቤት ይመጣል። የልደት ድንጋይ ለባለቤቱ ዕድል ማምጣቱን ያረጋገጠ የለም፤ ለቆፋሪው ግን እንጀራ መሆኑ እርግጥ ነው።